ለበዓል ያልታረዱት ሁለት ሙክቶች ጭነት መቼ ይጀምሩ?

ጥያቄው የመጣው ከቀበና ነው። ጠያቂዋ እናት ናቸው። አጎታቸው ከሰላሌ ያመጡላቸው ሁለት ወንድማማች ግልገሎች ለገና ይታረዳሉ ተብለው ግቢ ውስጥ ሲያድጉ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ስም አወጣችላቸው፤ ቦራና ዳማ። ስም ከወጣላቸው በኋላ ቢላ የሚያነሣ ሰው ጠፋ። አሁን ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል፣ ተኮላሽተዋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤተሰቡ ጋር ወደ እንጦጦ ይወጣሉ። «ልጄ በውጭ አገር ፍየሎች ዕቃ ተሸክመው ተራራ ሲወጡ በቪዲዮ አይታ ከጆንያ ከረጢት ሰፍታላቸዋለች። ውሃ ሲጠፋም ከቦኖ አንዳንድ ጀሪካን ቢያመጡልን ብለን አስበን ነበር። ስንት ኪሎ ይችላሉ? ኮርቻውስ ምን ዓይነት ይሁን?» ይላሉ። ቦራ ልጃቸውን እንደሚወጋና እርሳቸውን ግን እንደማይነካም ጽፈዋል። ከዚያ መጨረሻ ላይ፣ እግረ መንገዳቸውን፦ «ጠዋትና ማታ ፉርሽካ በፋጉሎ እየሰጠኋቸው ጥሩ ሥጋ ይዘዋል። ዳማ ግን ከትናንት ጀምሮ ጀርባውን አጉብጦ ያምጣል፤ ድርቀት መስሎኝ ዘይት አጠጥቼዋለሁ።»

እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ኮርቻ ነው፤ እኔ ግን ከሽንት ልጀምር ነውና «ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ» አይበሉኝ። ንባቡን እዚህ ላይ አቋርጠው ዳማን ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ የቀረውን ሲመለሱ ያነቡታል። ዘይቱን ይተዉት፤ ውሃም በግድ አይጋቱት። ፍየል ሆዱ ደርቆ የሚያምጥበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። የተኮላሸ ወንድ ፍየል፣ ያውም ፉርሽካ የሚቀለብ፣ ጀርባውን አጉብጦ ካማጠ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሽንት ጠጠር ነው።

ሐኪሙ ዘንድ እስኪደርሱ ራስዎ የሚያዩት ነገር አለ። ከሆዱ ሥር፣ ሽንቱ በሚወጣበት ቦታ ያለውን ጠጉር በጣትዎ ይዳስሱ። ሽንቱ በወጉ የሚወጣ ፍየል ጠጉሩ እርጥበት አያጣውም፤ የታፈነበት ግን ደርቆ፣ አንዳንዴም እንደ ጨው ዱቄት ያለ ነጭ ቅንጣት ተጣብቆበት ይገኛል። ቀጥሎ ቆም ብለው ይመልከቱት። ጭራውን ቶሎ ቶሎ ካርገበገበ፣ ጥርሱን ካፋጨ፣ ሽንቱ ጠብ ጠብ ብቻ ካለ ወይም ደም ከቀላቀለ ያዩትን ለሐኪሙ እንዳለ ይንገሩት።

የወንድ ፍየል የሽንት ቧንቧ ረጅምና ቀጭን ነው፤ መሐሉ ላይ ይጠማዘዛል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነች ጅራት መሳይ ነገር አለችው። ፍየሉ ገና በግልገልነቱ ከተኮላሸ ቧንቧው በወጉ ሳይሰፋ ይቀራል። የጎመን ዘር የምታክል ጠጠር እዚያች ክር ውስጥ ከተወሸቀች መንገዱን ትዘጋለች። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ፍየሉን በመቀመጫው አስቀምጦ ያችን ክር በመቁረጥ ነው፤ ከመቆረጧ የሚጎድልበት ነገር የለም። ጠጠሩ የተያዘው እዚያ ከሆነ ሽንቱ ወዲያው ሲፈስስ ያዩታል፤ ከዚያ በላይ ጠመዝማዛው ላይ ከሆነ ግን ነገሩ ወደ ቀዶ ጥገና ይሄዳል።

አንድ ጊዜ ካዛንቺስ አካባቢ የሚኖሩ ሰው ማታ ደውለው እርስዎ የጻፉትን የመሰለ ነገር ነገሩኝ። ጠዋት አምጡት አልኳቸው። ጠዋት ራሳቸው ደወሉና «ተመስገን፣ ማማጡን ትቶ ተኝቷል፤ ተሽሎታል» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ለካ ሌሊቱን የሽንት ፊኛው ፈንድቶ ኖሯል። ፊኛ ሲፈነዳ ውጥረቱ ይለቅቅና ፍየሉ እፎይ ይላል፤ ሽንቱ ግን ሆድ ዕቃው ውስጥ ይፈስስና በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድለዋል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ካለ ፍየል በኋላ «ተሽሎታል» ሲሉኝ ጫማዬን ፍለጋ እነሣለሁ።

አሁን ወደ ፉርሽካው። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ፍየል አያያዝ የምናውቀው ነገር አብዛኛው የበዓል ዕውቀት ነው። ሾላ ገበያ ሄዶ ወገቡን ጨብጦ መግዛት፣ ሁለት ሦስት ወር ፉርሽካ፣ ፋጉሎና አተላ ቀልቦ ማስባት፣ ማረድ። ለታሰበለት ነገር ስሕተት የለበትም፤ ጠጠር ሳይጠራቀም ቢላ ይቀድማል። የእርስዎ ሙክቶች ግን አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ሊኖሩ ነው፤ ለእነርሱ ያ ሁሉ ዕውቀት ተገልብጦ መነበብ አለበት። እኛ ሐኪሞችም ከልማዱ ነጻ አይደለንም፤ «ምን ልቀልበው?» ያለንን ሰው አፋችን ላይ በመጣልን እንመልሳለን፣ የሚመጣልንም ፉርሽካ ነው። «ጥሩ ሥጋ ይዘዋል» ያሉትም እኔን አላስደሰተኝም። ተራራ የሚወጣ ፍየል ጎኑን በመዳፍ ሲጫኑት የጎድን አጥንቶቹ በቀላሉ የሚቆጠሩ መሆን አለበት።

ፉርሽካ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ካልሲየሙን በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ለተኮላሸ ፍየል የሚስማማው ደግሞ ካልሲየሙ የፎስፈረሱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። የተረፈው ፎስፈረስ በሽንት ሲወጣ ከማግኒዚየም ጋር እየተያያዘ ጠጠር ይሠራል። ፋጉሎም ሆነ የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት በዚህ በኩል ከፉርሽካ አይሻሉም። ስለዚህ ለዳማ ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም ይቅሩበት፤ ለቦራም በአንድ ሳምንት ውስጥ እየቀነሱ ያቁሙለት። ዋና ምግባቸው የሣር ድርቆሽ ይሁን፤ ለእያንዳንዳቸው በቀን ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል። ገለባ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አያኖርም። በድርቆሹ ላይ ቅጠል ይጨምሩላቸው፤ ፍየል እንደ በግ አንገቱን ደፍቶ ከመጋጥ ይልቅ ቀና ብሎ መቀንጠብ ይወዳል። የወይራ፣ የግራዋ፣ የግራር ቅርንጫፍ ሁሉ ይበላል። ድርቆሹንም መሬት ላይ አይጣሉላቸው፤ የረገጡትን አይበሉም። በደረታቸው ቁመት ልክ ከእንጨት ርብራብ ሠርተው ይስቀሉት፣ የሚባክነው በግማሽ ይቀንስልዎታል።

አሞሌ ጨው በገመድ አንጠልጥሉላቸው። ጨው የላሰ ይጠማል፣ የተጠማ ይጠጣል፣ ብዙ የጠጣ ፍየል ሽንቱ ቀጭን ይሆንና ጠጠሩ ሳይጋገር ይታጠባል። ውሃውን በየቀኑ ይለውጡ፤ ፍየል ሲባል ሁሉን የሚበላ ይመስለናል እንጂ በውሃ ነገር ከድመት የባሰ አመለኛ ነው፣ ቆሻሻ የወደቀበትን ባልዲ አሽትቶ ይተወዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ጠዋት ለብ አድርገው ቢሰጧቸው የበለጠ ይጠጣሉ። የሽንቱን ጠባይ ለውጦ ጠጠሩን የሚከላከል አሞኒየም ክሎራይድ የሚባል ጨው አለ፤ መጠኑ በፍየሉ ክብደት ስለሚወሰን ለዳማ ሐኪሙን ይጠይቁት።

ግቢዎ ውስጥ አቮካዶ ካለ ቅጠሉ አይድረሳቸው፣ ልብ ይጎዳል። የጉሎ ፍሬ፣ የወፍ ቆሎ፣ ሮዝና ነጭ አበባ የሚያወጣው ኦሊያንደርም እንዲሁ መርዝ ናቸው፤ የመጨረሻው ጥቂት ቅጠሉ ይበቃል።

ከመርዝ ይልቅ የከተማችንን ፍየል የሚጨርሰው ግን ፌስታል ነው። ጨው ወይም የሽሮ ጠረን የነካው ፌስታል ለፍየል ቅጠል ነው። የመጀመሪያው ጨጓራ ውስጥ ከገባ በኋላ አይፈጭም፣ አይወጣምም፤ ከሌላው ጋር እየተጠቀለለ እንደ ኳስ ይከማቻል። ሆዱ ክብ፣ ወገቡ ከሲታ የሆነ ፍየል ሲመጣብኝ በግራ ጎኑ በጡጫዬ ቀስ ብዬ እጫነዋለሁ፤ ሊጥ የመሰለ ድቡልቡል ነገር እጄን ከመለሰው መድኃኒቱ ጨጓራውን ቀድዶ ማውጣት ብቻ ነው። ስለዚህ ቦራና ዳማ ከግቢ ሲወጡ የቆሻሻ ገንዳ ባለበት መንገድ አይሂዱ፤ መሄድ ግድ ከሆነ ደግሞ ጠግበው ይውጡ። ስለ ሊጥ ካነሣሁ፦ በበዓል ዋዜማ የድፎ ዳቦ ቡኮ የተሸፈነበትን ጎድጓዳ ሳህን ፍየል ከሚደርስበት ያርቁ። ሊጥም ሆነ ሽርክት እህል በብዛት ከገባ ጨጓራ ውስጥ ወደ አሲድነት ይለወጥና ፍየሉን በአንድ ሌሊት ሊጥለው ይችላል።

ወደ ጭነቱ ልምጣ። ዛሬ ሊሸከሙ የሚገባቸው ዜሮ ኪሎ ነው። ጀሪካኑን ደግሞ ከነአካቴው ይርሱት፤ ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው፣ ያን የሚችል ፍየል በእኛ ደጋ አገር ገበያ አያገኙም።

ፍየል ሲያዩት በሁለት ዓመቱ ያደገ ይመስላል፤ የጀርባ አጥንቱ ግን እስከ አራት ዓመት ገደማ ማደጉን አያቆምም። ከዚያ በፊት የተጫነ ፍየል ያን ጊዜ አይጮኽም፤ በስድስትና በሰባት ዓመቱ ወገቡ ይጎብጥና እርስዎም ለምን እንደሆነ አይገባዎትም። ዕድሜውን መቁጠሪያ ደግሞ አፉ ውስጥ አለ፤ ነጋዴዎቹ የታችኛውን ከንፈር ገልጠው የሚያዩት በከንቱ አይደለም። ፍየል ፊት ለፊት የላይ ጥርስ የለውም፣ ከታች ስምንት አለው። በዓመቱ ገደማ መሐል ያሉት ሁለቱ የወተት ጥርሶች ወድቀው ሁለት ሰፋፊ ጥርሶች ይተኳቸዋል፤ ከዚያ በየዓመቱ ገደማ ከግራና ከቀኝ ጥንድ ጥንድ እየጨመረ ይሄዳል። አሁን የዳማን አፍ ቢከፍቱ ሁለት ትልልቅ፣ ስድስት ትንንሽ ያገኛሉ። ስምንቱም ሰፍተው አፉ ሲሞላ ያኔ ስለ ሙሉ ጭነት እንነጋገራለን። ልጅዎ ጥርስ ቆጣሪነቱን ብትይዘው ደስ ይለኛል፤ እርሷም በዚህ ዕድሜዋ ጥርስ እየነቀለች ስለሆነ ነገሩ ይገባታል።

አፉ ሲሞላ የሚሸከመው ከክብደቱ አምስተኛ እጅ ነው፤ በየሳምንቱ የሚወጣና የጠነከረ ከሆነ እስከ አራተኛ እጅ፣ ኮርቻውን ጨምሮ። ሚዛን ከሌለዎት የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሩ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩ፤ ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን ይለኩ። የደረቱን ቁጥር በራሱ ያባዙ፣ በርዝመቱ ያባዙ፣ ለ10,800 ያካፍሉ። ደረቱ 75፣ ርዝመቱ 68 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፍየል 35 ኪሎ ገደማ ይወጣዋል፤ ስለዚህ ጭነቱ 7 ኪሎ ነው። የሁለት ሰው ምሳ፣ ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ውሃና አንድ ነጠላ ማለት ነው። ለቅዳሜ እንጦጦ ከበቂ በላይ ይመስለኛል።

እስከዚያ የልጅዎ ከረጢት ጥሩ ነው፤ ባዶውን ይልበሱት። ሁለት ዓመት ከሞላቸው በኋላ ከክብደታቸው አሥረኛ እጅ የማይበልጥ፣ ለልምምድ ያህል። ኋላ ላይ ኮርቻ ሲያሠሩ ማንኛውም አናጢ ይችለዋል፦ ሁለት ሰፋ ያሉ ጣውላዎች ከጀርባ አጥንቱ ግራና ቀኝ ጎድኑ ላይ ያርፋሉ፣ ከፊትና ከኋላ በመስቀል የተጋጠሙ እንጨቶች ያያይዟቸዋል፣ ከሥር ወፍራም ብርድ ልብስ። የጀርባ አጥንቱ ላይ ምንም ነገር መንካት የለበትም፤ እጅዎን ከኮርቻው ሥር አሾልከው አየር ሲያልፍ ሊሰማዎት ይገባል። ከትከሻው ጀርባ ይቀመጥ፣ ወደ ወገቡ አይሽሽ። የሁለቱ ከረጢቶች ክብደት እኩል ይሁን፤ ልዩነት ካለ ኮርቻው ወደ ከበደው ይዞርና ጀርባውን ይልጠዋል። ከአህዮቻችን አጫጫን ምንም አይማሩ። የአህያ ጀርባ ቁስል እያየን አድገን ቁስሉ አብሯት የተፈጠረ ይመስለናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የሂማላያ ነጋዴዎች ከቲቤት ጨው ወደ ታች፣ ከታች እህል ወደ ላይ በፍየልና በበግ ጀርባ ሲያመላልሱ ኖረዋል፤ በትንንሽ ከረጢት፣ በመንጋ። ልጅዎ በቪዲዮ ያየችው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች የተስፋፋው ነው። እዚያ የሚመረጡት ግን ከሰባ እስከ መቶ ኪሎ የሚደርሱ የወተት ዝርያ ሙክቶች ናቸው። የሰላሌው ዳማ ከእነርሱ ጋር አይወዳደር፤ ለዳገትና ለብርድ ግን የተፈጠረ ነው።

ቦራ ልጅዎን የሚወጋው ስለሚጠላት አይደለም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ ግልገል ሳለ ግንባሩን በመዳፏ እየገፋች አላጫወተችውም? ልጆች ሁሉ ያደርጉታል፣ ያስቃልም። ለፍየል ግን ግንባር መግፋት የእኩያ ጨዋታ ግብዣ ነው። አሁን ቀንድ አወጣ፣ እርሷ ግን በእርሱ ዘንድ አሁንም እኩያ ናት፤ እርስዎ ደግሞ ምግብ የሚያቀርቡ ታላቅ ነዎት። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ግንባሩንና ቀንዱን አይንካ። ማከክ ካማራቸው ደረቱን ወይም አገጩ ሥር ይከኩት። ሊወጋ ሲያጎነብስ ልጅዎ ቀዳዳ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውሃ ፊቱ ላይ ትርጨው፤ ፍየል እርጥበትን አጥብቆ ይጠላል። በዱላ መምታት ግን ውጊያውን እንደ መቀበል ነው። ከዚያ በተረፈ ጠዋት ድርቆሹን የምትሰጠው እርሷ ትሁን። ለውጡ ሳምንታት ይወስዳል፤ እስከዚያ ብቻዋን አብራው አትሁን።

ሁለት መሆናቸው መልካም ነው። ዳማ ሐኪም ቤት ከዋለ ቦራ ሲጮኽ ይውላል፤ ከተቻለ አብሮ ይሂድ። ለጎረቤቶችዎም አስቀድመው ይንገሩ፣ ወረዳዎንም ስለ እንስሳት ማርባት ደንቡ ይጠይቁ። ጎረቤት የሚጣላው ግን ከጩኸቱ ይልቅ በስጡ ነው። በርበሬ፣ ጌሾ፣ ብቅል የተሰጣበት ቀን ይታሰሩ።

እንጦጦ ስትወጡ በገመድ ይሁኑ። ፍየል መሪውን ካመነ ያለ ገመድ ይከተላል፣ መኪና ግን ይህን አያውቅም። ማለዳ ላይ የሚርመሰመሱትን ውሾች ይጠንቀቁ፤ ፍየል በውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በጓንት ሆነው በሳሙናና በብዙ ውሃ ያጥቡና ዕለቱን ሐኪም ያሳዩት፣ በእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ የለም። የኮብልስቶኑ መንገድ ሰኮናቸውን ይሞርዳል፤ ቢሆንም በየስምንት ሳምንቱ እግራቸውን አንሥተው የታጠፈውን ጠርዝ በአትክልት መቀስ ያስተካክሉ። ክትባቱን አይርሱ፤ በተለይ ደስታ መሰል የሚባለውን የበግና ፍየል በሽታ። ስሙን ያገኘው በክፉ ቀን ዘመን የአገሩን ከብት ከጨረሰው፣ ደስታ ከሚባለው በሽታ ነው። ዋናው ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፣ መሰሉ ግን አለ። ክትባቱ እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል፤ አንዱ መርፌ ዓመታት ይጠብቃቸዋል።

ከረጢቱን ለማልመድ አይቸኩሉ። ዳማ አገግሞ እስኪወጣ ከቦራ ይጀምሩ። ከሰዓት በኋላ፣ በልቶ ጋደም ብሎ ሲያመሰኳ፣ ልጅዎ ጎኑ ትቀመጥና ባዶውን ጆንያ ጀርባው ላይ ታድርግለት፤ አትሰር፣ አትጫን። መጀመሪያ መንጋጋው ቀጥ ይላል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ይዞራል። ጆንያውን ታንሣና ቆይታ ትመልሰው፣ በየቀኑ። አንድ ቀን ጆንያው ጀርባው ላይ እያለ መንጋጋው ሳይቆም ማመስኳቱን ይቀጥላል፤ ያን ዕለት ማሰሪያውን መጀመር ትችላለች።